ለእጅ የሚስማማ እርፍና ዛቢያ

እርፍ የማረሻ እጀታ ነው። የታችኛው ጫፉ ከብረቱ ማረሻ ይገባል፤ ከሞፈሩ ጋር መርገጥ በሚባለው ማሰሪያ ይታሰራል፤ የላይኛው ጫፉ በአራሹ እጅ ይያዛል። ቀንበሩ፣ ሞፈሩ፣ ድግሩና ወገሉ የበሬውንና የአፈሩን ጉልበት ይሸከማሉ። ቀኑን ሙሉ ከሰው መዳፍ የማይለየው ግን እርፉ ነው፤ ስለዚህም በአራሹ ልክ መሠራት አለበት።

በመራዊና በዙሪያዋ የሜጫ ገጠር፣ ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም በሚዘልቀው ደጋና ወይና ደጋ፣ ጤፍ የሚዘራበት ማሳ አራትና አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታረሳል። ወደ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ በታቀደው የቆጋ መስኖ አካባቢ ደግሞ በበጋም ይታረሳል። እንዲህ የበዛ እርሻ ልኩን የሳተ እርፍ በያዘ እጅ ላይ ቶሎ ይከብዳል።

መጀመሪያ የሚታየው የመጨበጫው ውፍረት ነው። አራሹ በአንድ እጁ እርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ስለሚይዝ፣ ማረሻው ድንጋይ ወይም ሥር ሲነካ የሚወራጨውን እርፍ የሚቆጣጠረው በአንድ መዳፍ ነው። እንጨቱ ሲጨበጥ የመሃልና የቀለበት ጣቶች ጫፍ ወደ አውራ ጣት ሥር ደርሶ መዳፉን ሳይወጋ ቢቀር ውፍረቱ ልክ ነው። ለአብዛኛው አዋቂ እጅ ይህ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚህ ሲወፍር ጣቶች ስለማይገናኙ እርፉ ያመልጣል፤ ሲቀጥን ደግሞ እጅ ሳያስፈልግ አጥብቆ ስለሚጨብጥ ክንድ ይዝላል።

ቀጥሎ ቁመቱ ነው። ማረሻው ትልም ውስጥ ገብቶ ሳለ መጨበጫው አራሹ ቀጥ ብሎ ሲቆም ወገቡ አካባቢ፣ ክርኑም ጥቂት ታጥፎ የሚደርስበት ቦታ ላይ መዋል አለበት። ዝቅ ካለ ጀርባ ይጎብጣል። ከፍ ካለ ማረሻውን ወደ አፈር ለመጫን ኃይል ይጠፋል። የአባቱን ማረሻ የሚይዝ ታዳጊ ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በዚህ ነው። ቁመቱ በጥቂቱ ካልተስማማ የመርገጡን እስር አላልቶ ወይም አጥብቆ የእርፉን ዘንበል ማለት መለወጥ ይቻላል፤ ልዩነቱ ሲበዛ ግን እርፉን መቀየር ይሻላል።

እንጨቱ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለበትና ጭረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ መሆን አለበት፤ ጭረቱ ከተቋረጠበት ላይ ይሰነጠቃል። ወይራ ጠንካራና ክብደት ያለው ነው፤ ክትክታም ለእጀታ ይመረጣል። በአካባቢው በብዛት የሚገኘው ባሕር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም፣ እርጥቡ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅና ስለሚጣመም በጥላ ደርቆ መሠራት ይኖርበታል። እርጥብ እንጨት ከብረቱ ጋር ከተገጠመ፣ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ይላላል።

የተቆረጠው እንጨት በመጥረቢያና በቢላ ተጠርቦ፣ በጠርሙስ ስብርባሪ ተፍቆ ይለሰልሳል። ሻካራ መጨበጫ እጅ ይልጣል፤ እጅግ የለሰለሰው ደግሞ በላብ ያንሸራትታል። ጥቂት ለስለስ ብሎ ጭረቱ የሚታወቅ መጨበጫ ይመረጣል።

የመጥረቢያና የዶማ ዛቢያም በዚሁ ሕግ ይመረጣል፤ ልዩነቱ የሥራው ጠባይ ነው። እርፍ ይገፋል፣ ይጫናልም፤ ዛቢያ ግን ይወዛወዛል። ስለዚህ ክብ ከሆነ ዛቢያ ይልቅ ጎኑ ጥቂት ጠፍጠፍ ያለው ይመረጣል፤ እጅ ስለቱ ወዴት እንደዞረ ሳያይ ያውቃልና። ጫፉ ወፈር ቢል ደግሞ ሲወዛወዝ ከእጅ አያመልጥም። ከብረቱ ቀዳዳ የገባው ጫፍ በሽብልቅ ይጠብቃል።

እርፍ ወይም ዛቢያ የሚመረመረው ለአፍታ በመጨበጥ ሳይሆን በሥራ ነው። ከጥቂት ትልም በኋላ የአውራ ጣት ሥር ብቻ ቢቀላ መጨበጫው ወፍሯል፤ ክንድ ቀድሞ ቢዝል ቀጥኗል፤ ወገብ ቀድሞ ቢታመም አጥሯል። ልክ የሆነው ድካሙን ለመላው አካል ያከፋፍላል። ሥንጥቅ የታየበት እጀታ ግን ልኩ ምንም ያህል ቢሰምር፣ ከመሰበሩ በፊት መለወጥ አለበት።