ሕዝብ ሁለት ጊዜ ይጠየቃልን?

ሕዝብ በአንድ ጉዳይ ድምፁን ከሰጠ በኋላ እንደ ገና መጠየቅ ይገባልን? በባሕር ዳር ለምንማር ወንድሞችና እህቶች ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከጣና በስተ ሰሜን በቅማንት ጥያቄ መስከረም 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በ8 ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ 7ቱ በነበረው አስተዳደር መቆየትን መርጠዋል። ክርክሩ ግን በዚያ አላበቃም፤ ከዚያም በኋላ ደም ፈሷል።

ድምፅ ይደገም የሚባለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው አፈጻጸሙ ሲበላሽ ነው። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በወላይታ ዞን የተሰጠውን ድምፅ ምርጫ ቦርድ በሕግ ጥሰት ምክንያት ሰርዞ፣ ሰኔ 12 ቀን አስደገመው። ይህ የሕዝብን ፈቃድ መሻር አይደለም፤ ፈቃዱን በትክክል ለማወቅ ነው እንጂ።

ሁለተኛው ውጤቱ ያልጣመው ወገን ሲጠይቅ ነው። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 የሊዝበንን ውል እምቢ ብላ በ2009 ተቀበለች፤ ነገር ግን በመካከሉ መንግሥቷ ከአውሮፓ ኅብረት አዲስ ዋስትና አግኝቶ ነበር። ስለዚህ ሕዝቡ የተጠየቀው ያንኑ ጥያቄ ብቻ አልነበረም። ምንም ሳይለወጥ ድምፅን መድገም ግን ሕዝብን እስኪደክመው መጨቅጨቅ ነው።

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 47 አዲስ ክልል ለመመሥረት ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ያዛል፤ ስለ ድጋሚው ግን አይናገርም። ነገርን ከሥሩ እንደሚባለው፣ በምን ምክንያትና ከስንት ዓመት በኋላ መጠየቅ እንደሚቻል ከድምፁ በፊት ይደንገግ። ያን ጊዜ የተሸነፈው ወገን ቀኑን ይጠብቃል፤ ወደ ጠመንጃ የሚሄድበትም ምክንያት ይቀንሳል።