ከአዲስ አበባ ጅዳ፦ በሰማይ ላይ የሚታለፈው ሚቃት

ከአዲስ አበባ እስከ ጅዳ ያለው የአየር ርቀት 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀጥታ በረራው 2 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የሁለቱ ከተሞች ሰዓትም አንድ ነው።

ይህ አጭር ጊዜ ለሐጅና ለዑምራ ተጓዥ ትልቅ ጉዳይ አለው። አውሮፕላኑ ከማረፉ በፊት ከሚቃት ትይዩ ሊደርስ ስለሚችል፣ «ጅዳ ስደርስ ኒያ አደርጋለሁ» ማለት አያዋጣም። ብዙ ዑለሞች እንደሚሉት፣ ሚቃትን ያለ ኢሕራም ያለፈ ሰው ተመልሶ ኒያ ካላደረገ ፊድያ ይኖርበታል።

ስለዚህ ወንዶች የኢሕራም ልብሳችንን ለጭነት በምንሰጠው ሻንጣ ውስጥ አንክተት፤ ታጥበን ከቤታችን ለብሰን እንውጣ። ልብሱ ብቻውን ኢሕራም አይደለምና፣ ወንዶችም ሴቶችም ሚቃቱ ሲቃረብ ኒያ አድርገን ተልቢያ እንጀምር። አላህ ይቀበለን።