8 ደቂቃዋ ከየት መጣች?

 

ባለፈው ረመዷን ከመሰላ ወደ ግቢ ስመለስ ጭሮ አክስቴ ቤት አደርኩ። ሱሑር ላይ እያለን የፈጅር አዛን ተሰማ። እኔ የሠራሁት የሶላት ሰዓት ፕሮግራም ግን ገና 8 ደቂቃ ይቀራል ይላል። አክስቴ «ስልክህ ተኝቷል» ብላ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለችኝ።

ስሌቱ ትክክል ነበር። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ 4 ደቂቃ ነው፤ ጭሮ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 2 ዲግሪ ያህል ስለምትርቅ ቀድሞ ይነጋባታል። ስህተቱ የቅንብር ፋይሉ ላይ ነው፦ «ኬንትሮስ» ለማለት «ኬትሮስ» ብዬ ጽፌያለሁ። ፕሮግራሙ ቃሉን እንደማያውቀው አልነገረኝም፤ ዝም ብሎ የአዲስ አበባን ቁጥር ወሰደ።

በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም የስሌት ዘዴዎች እንደ ፕለጊን ይሰካሉ። የሚፈልጉት ቅንብር ግን ይለያያል። የሙስሊም ዓለም ሊግ ዘዴ ለፈጅር ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ፣ ለዒሻ 17 ዲግሪ ስትሆን ይቆጥራል፤ የግብፁ 19.5 እና 17.5። ኡሙል ቁራ ግን ለዒሻ ዲግሪ አይጠቀምም፤ ከመግሪብ በኋላ 90 ደቂቃ፣ በረመዷን 120 ደቂቃ ይጨምራል። ለሁሉም «የዒሻ ዲግሪ» የሚል አንድ ቅጽ ብናዘጋጅ ኡሙል ቁራ አይገባበትም።

ስለዚህ፦

1. እያንዳንዱ ፕለጊን የሚፈልገውን ቅንብር ራሱ ያሳውቅ፦ ስሙን፣ ዓይነቱን (ዲግሪ ወይስ ደቂቃ)፣ ወሰኑን። ዋናው ፕሮግራም ይህን ተቀብሎ ይፈትሻል እንጂ የእያንዳንዱን ዘዴ ውስጥ ማወቅ የለበትም። አዲስ ዘዴ ሲመጣ ዋናው አይነካም።

2. ለሁሉም የጋራ የሆነው በዋናው ዘንድ አንድ ቦታ ይቀመጥ፦ ከተማው፣ እንዲሁም የዐስር ጥላ በሻፊዒይ የነገሩን ቁመት አንድ ጊዜ፣ በሐነፊይ ሁለት ጊዜ መሆኑ።

3. የማያውቀው ስም ሲመጣበት ፕሮግራሙ ቆሞ ይናገር።

4. ያልተሞላን ነገር ፕሮግራሙ በራሱ የሚሞላው፣ ቢሳሳት ጉዳት በሌለው ብቻ ነው። የስክሪን ቀለም ይሙላ፤ ከተማን ግን ይጠይቅ።

አሁን ፕሮግራሜ ሲከፈት መጀመሪያ «ጭሮ፣ ከቅንብር ፋይል የተነበበ» ይላል፤ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው አይደብቅም። አክስቴ ግን ዛሬም የምትሰማው አዛኑን ነው።

እናንተም ረመዷን ሳይገባ የስልካችሁን ቅንብር ክፈቱና ከተማውንና ዘዴውን እዩ። ጾማችን የሚጀምረው ማንም ባልመረጠው ቁጥር መሆን የለበትም።

አላህ ይወፍቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም።