ካፓሲተር፦ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ የሚይዘው ዕቃ

የላፕቶፕ ቻርጀር ሶኬት ላይ ሲሰኩ ብልጭ የምትል ነገር አይተው ያውቃሉ? ሲነቅሉትስ፣ የቻርጀሩ መብራት ወዲያው ሳይጠፋ ጥቂት ቆይቶ እየደበዘዘ ሲከስም? ሁለቱም የአንድ ዕቃ ሥራ ናቸው፤ የካፓሲተር።

እኔ የምተዳደረው ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨርና አምፕሊፋየር በመጠገን ነው። ደንበኞቼ «መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጠለ» ብለው የሚያመጡልኝን ሪሲቨር ስከፍት፣ ብዙ ጊዜ የተቃጠለ ነገር አላገኝም። የማገኘው አናቷ ያበጠ፣ የጣት ጫፍ የምታክል ጣሳ ነው። ካፓሲተር የምንላት ይህች ጣሳ ምን እንደምትሠራ ማንም ሰው ቢያውቅ ዕቃውንም ራሱንም ከጉዳት ያድናል ብዬ አምናለሁ።

አሠራሯ ቀላል ነው። ሁለት የብረት ገጾች ፊት ለፊት ይሆናሉ፤ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ነገር ይገባል። ሪሲቨር ውስጥ ባለው ዓይነት፣ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች በፈሳሽ ከራሰ ወረቀት ጋር ተጠቅልለው ይታሸጋሉ። ኤሌክትሪክ የሚከለክለው በአሉሚኒየሙ ላይ ያለ የኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ ውፍረቱ ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ ያንሳል።

ኤሌክትሪክ ሲገናኝ፣ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ገጽ እየተሳቡ ወደ ሌላው ይገፋሉ። በመካከል መሻገር ስለማይችሉ አንዱ ገጽ ላይ ይከማቻሉ፤ ሌላው ያንኑ ያህል ይጎድልበታል። ስለዚህ «ካፓሲተር ቻርጅ ያዘ» ስንል በድምሩ የጨመረ ኤሌክትሮን የለም። ትርፉና ጉድለቱ ተለያይተው ቆመዋል፤ ጉልበቱም በሁለቱ ገጾች መካከል በተፈጠረው የኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ተቀምጧል።

አቅሙ የሚለካው በእንግሊዛዊው ሳይንቲስት በማይክል ፋራዴይ ስም በተሰየመው ፋራድ ነው። 1 ፋራድ ለየአንዳንዱ ቮልት 1 ኩሎምብ ቻርጅ ይይዛል። ይህ ለእኛ ሥራ እጅግ ትልቅ ስለሆነ የምንጠቀመው ሚሊዮንኛውን፣ ማይክሮፋራድን ነው። ለደንበኞቼ በሮቶ አስረዳለሁ፦ የሮቶው ስፋት ማይክሮፋራዱ ነው፤ የውሃው ከፍታ ቮልቴጁ። ሰፊ ሮቶ ብዙ ውሃ ቢገባለትም ከፍታው የሚጨምረው ቀስ ብሎ ነው፤ ሲቀዳለትም የሚወርደው እንዲሁ ነው። ካፓሲተርም የቮልቴጅ ድንገተኛ ለውጥን አይቀበልም። ተፈላጊነቱ ሁሉ ከዚህ ጠባዩ ይመነጫል።

ባዶ ካፓሲተር በተገናኘበት ቅጽበት ኃይለኛ ከረንት ይገባበታል፤ የቻርጀሩ ብልጭታ ከዚህ የመጣ ነው። እየሞላ ሲሄድ ከረንቱ ይቀንሳል፤ ቮልቴጁ ከምንጩ ጋር ሲተካከል ይቆማል። በመንገዱ ላይ ከረንቱን የሚገታ ሬዚስተር ካለ ጊዜውን ማስላት ይቻላል፦ የሬዚስተሩን ኦም በካፓሲተሩ ፋራድ ማባዛት ነው። 10,000 ኦም በ100 ማይክሮፋራድ ሲባዛ 1 ሴኮንድ ይሰጣል። በ1 ሴኮንድ 63 በመቶ ያህል ይሞላል፤ በ5 ሴኮንድ ከ99 በመቶ ያልፋል። ሲለቅም በዚያው ፍጥነት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን መብራት እንምጣ። 220 ቮልቱ አቅጣጫውን እየለዋወጠ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። አራት ዳዮዶች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያደርጉት፣ በሴኮንድ 100 ጊዜ ከፍ እያለ መልሶ ዜሮ የሚነካ ቮልቴጅ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ኤሌክትሪክ ሪሲቨር አይሠራም። ካፓሲተሩ ግን ቮልቴጁ ከፍ ሲል ይሞላል፤ ሲወርድ ያጠራቀመውን ይለቅና ክፍተቱን ይደፍናል። በአሮጌ አምፕሊፋየር ይህ ካፓሲተር ሲደክም ከስፒከሩ «እምምም» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ያ ድምፅ ያልተደፈነው ክፍተት ነው። ሪሲቨር ሲሆን ደግሞ ይነሣል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሣል።

የሚያደክመው በዋናነት ሙቀት ነው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ እየደረቀ ይሄዳል፤ ጋዝ ሲፈጠርም አናቱ ያብጣል። በሙያው የታወቀ ስሌት አለ፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። እናቶቻችን በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል ሪሲቨሩ ላይ ማልበስ በየቤቱ የተለመደ ነው። ዳንቴሉ ያምራል፤ ነገር ግን የአየር መውጫውን ከሸፈነ ዕቃውን ያስረጀዋል። ለጠረጴዛው ይሁን።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አደጋው ነው። 220 የምንለው ቮልቴጅ ጫፉ ላይ 311 ይደርሳል፤ የቴሌቪዥን ፓወር ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር የሚሞላውም እስከዚያ ነው። ተነቅሎም ይህን ይዞ ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1746 በኔዘርላንድስ የላይደን ከተማ ፕሮፌሰር የነበረው ፒተር ቫን ሙሸንብሩክ፣ ከመጀመሪያዎቹ ካፓሲተሮች አንዱ በሆነው ውሃ የያዘ ጠርሙስ ተመትቶ ዳግመኛ እንደማይሞክረው ጽፏል። ማይክሮዌቭ ውስጥ ያለው 2,000 ቮልት ገደማ ይይዛል፤ ይገድላል።

ሙያውን የምትማሩ ወጣቶች፣ ካፓሲተርን በጠመንጃ መፍቻ አገናኝታችሁ አታፈንዱ፤ ዕቃውንም ዓይናችሁንም ይጎዳል። 10,000 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ ሽቦ አገናኙ፤ ጥቂት ሴኮንዶች ጠብቁ፤ ከዚያ በቴስተር ለኩ። ስትለውጡ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ ከቀድሞው የማያንስ፣ ሙቀቱ 105 ዲግሪ የተጻፈበት ይሁን፤ ነጌቲቩን የሚያሳየውን መስመርም ሳታዩ አትበይዱ።

ሙያው የሌላችሁ አንባቢዎች ደግሞ ሪሲቨራችሁ ላይ ያለውን ዳንቴል ገልጣችሁ አየር አስገቡለት። ማይክሮዌቭና ቴሌቪዥን ግን፣ ከሶኬት ቢነቀሉም፣ ቤት ውስጥ አትክፈቱ።