የኳድራቲክ ቀመርን ከነአመጣጡ ስለ ማስተማር

ኳድራቲክ እኩልዮሽን በቀመር መፍታት፣ ቀመሩን በቃሉ ለያዘ ተማሪ ቀላል ሥራ ይመስላል። ነገር ግን አንዲት የመቀነስ ምልክት የዘነጋ ተማሪ ስሕተቱን የሚያርምበት መንገድ የለውም፤ የቀመሩን አመጣጥ የተረዳው ግን የረሳውን ራሱ መልሶ ይደርስበታል። ስለዚህ ትምህርቱ ቀመሩ ከተገኘበት ሐሳብ ቢጀምር ይመረጣል።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ820 ገደማ በባግዳድ ይሠራ የነበረው አል ኸዋሪዝሚ፣ «አልጀብራ» የሚለው ስም በተገኘበት መጽሐፉ፣ በዛሬ ምልክት ሲጻፍ ተ² + 10ተ = 39 የሚሆነውን ጥያቄ በሥዕል ፈትቶአል። በቅድሚያ ጎኑ ተ የሆነ ካሬ ይሣላል። 10ተ ለሁለት ተከፍሎ፣ ርዝመታቸው ተ፣ ወርዳቸው 5 የሆኑ ሁለት ሬክታንግሎች በካሬው ሁለት ተጎራባች ጎኖች ላይ ይጨመራሉ። የሦስቱ ስፋት ድምር 39 ነው። በጥጉ የሚጎድለው ስፋቱ 25 የሆነ ትንሽ ካሬ ነው። እርሱ ሲሞላ ስፋቱ 64፣ ጎኑም 8 የሆነ ትልቅ ካሬ ይገኛል፤ ስለዚህ ተ = 3 ነው።

ቀመሩ ይህንኑ ካሬ የማሟላት ሥራ በጠቅላላ መልኩ ይፈጽማል። ሀ ዜሮ ካልሆነ፣ ሀተ² + ለተ + መ = 0 በ4ሀ ይባዛል፤ 4ሀመ ወደ ቀኝ ተሻግሮ በሁለቱም ወገን ለ² ሲደመር፣

(2ሀተ + ለ)² = ለ² − 4ሀመ

ይሆናል። የተደመረው ለ² የጥጉን ካሬ ቦታ የያዘ ነው። ካሬ ሥር ተወስዶ ተ ለብቻው ሲወጣ፣

ተ = (−ለ ± √(ለ² − 4ሀመ)) ÷ 2ሀ

ይገኛል።

በምሳሌው ሀ = 1፣ ለ = 10፣ መ = −39 ስለሆነ፣ ለ² − 4ሀመ = 100 + 156 = 256፣ ካሬ ሥሩም 16 ነው። መልሶቹ 3 እና −13 ናቸው። የጎን ርዝመት ከዜሮ ስለማያንስ ሥዕሉ 3ን ብቻ ያሳያል፤ ሁለተኛውን የሚያወጣው ቀመሩ ነው። በአጠቃላይ ለ² − 4ሀመ ከዜሮ ሲበልጥ ሁለት መልሶች፣ ዜሮ ሲሆን አንድ መልስ ይኖራል፤ ከዜሮ ሲያንስ ግን በሪል ቁጥሮች መልስ አይገኝም።

መምህሩ ሁለት ስሕተቶችን ነቅቶ ሊጠብቅ ይገባል። አንደኛው፣ ለ ኔጌቲቭ ሲሆን −ለ ፖዘቲቭ መሆኑን መዘንጋት ነው፤ ሁለተኛው፣ በ2ሀ ካሬ ሥሩን ብቻ አካፍሎ −ለን መተው ነው። ሁለቱንም ለማጋለጥ መልሱን በመጀመሪያው እኩልዮሽ ውስጥ ተክቶ ማረጋገጥ ይበቃል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ከቀመሩ በፊት ለሥዕሉ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢመድቡ፣ ጊዜው የባከነ አይሆንም፤ ተማሪው ቀመሩን በረሳ ቀን የሚመለስበት ሥዕል ይኖረዋልና።