ከጎረቤት ምጣድ ሥር

የሌላ ሕዝብ ምግብ አሠራር ለመማር የግድ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ቦሌ ሚካኤል ብዙ የሶማሌ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ የሶማሊያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም ከፈረሰ ወዲህ ተሰደው የመጡም አሉባቸው።

እዚያ የሚኖሩ አንዲት እናት አንጄሮ እንዲያስተምሩኝ ብጠይቃቸው «ቢስሚላህ» ብለው ጭልፋውን አስጨበጡኝ። ሊጡ አድሮ ቦክቷል። እጄ ግን እንደ ለመደው ከምጣዱ ዳር ጀመረ፤ ሳቁ። እኛ እንጀራን ከዳር ወደ መሐል እናዞራለን፤ እርሳቸው ሊጡን መሐል ላይ አፍስሰው በጭልፋው ጀርባ እያዞሩ ወደ ዳር ይገፉታል። አይገለበጥም። ጠዋት በሰሊጥ ዘይትና በስኳር፣ ቀረፋና ሄል ከገባበት ሻይ ጋር ይበላል። ለምሳ ደግሞ ከከሙን፣ ከድንብላል፣ ከቁንዶ በርበሬና ከእርድ የሚዘጋጀው ሐዋሽ የሚሉት ቅመም የገባበት ሩዝ በሥጋ ይቀርባል፤ ሙዝም አብሮ ይበላል።

ሙያቸውን ልማር ብላ የጠየቀቻቸው የመጀመሪያዋ ጎረቤት እኔ እንደሆንኩ ሲነግሩኝ አፈርኩ። ስንት ዓመት በሰላምታ ብቻ ተላልፈናል!

የጎረቤት ሐቅ በሰላምታ ብቻ አይፈጸምም። እህቶችና ወንድሞች፣ በዚህ ሳምንት የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ፤ ሙያ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፣ ኢንሻ አላህ።