ኩራዙን እናሳርፈው፤ የፀሐይ ብርሃን ለቤታችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው በደባርቅ፣ በዳባትና ወደ ላይ በሰሜን ተራሮች እንደ አምባራስ ባሉ ቀበሌዎች ለሚኖረው ቤተሰብ ስለሚጠቅመው የሶላር መብራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የዓለም ባንክ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአገራችን ቤተሰቦች 33 ከመቶ ያህሉ ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር፣ ሌሎች ደግሞ ከመስመሩ ውጭ፣ በአብዛኛው ከሶላር፣ መብራት ያገኙ ነበር። የተቀረው በኩራዝ፣ በባትሪና በምድጃ ብርሃን ያመሽ ነበር ማለት ነው።

ኩራዝ ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ላምባው በየሳምንቱ ይገዛል። ጭሱ ቁርኣን የሚቀራውን ልጅ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። አንድ ሊትር ላምባ ሲነድ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል የተቃጠለ አየር ይለቃል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከመተኛታችን በፊት መብራት እንድናጠፋ ማዘዛቸውን፣ ምክንያቱም አይጥ ክሩን ጎትታ ቤት ልታቃጥል ስለምትችል መሆኑን ዑለማዎቻችን አስተምረውናል። በሣር ክዳን ቤት ይህ አደጋ ዛሬም አለ።

ሶላር እንዴት ይሠራል? ሰሌዳው የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ባትሪው ለሌሊት ያስቀምጣል፤ መቆጣጠሪያው ደግሞ ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላና እንዳይሟጠጥ ይጠብቃል። ባለ 20 ዋት ሰሌዳ አምስት ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ቢያገኝ 100 ዋት ሰዓት ያመነጫል። ከዚህ ሲሶው ይባክናል ብንል እንኳ፣ ሦስት ባለ 3 ዋት አምፑሎችን ለአምስት ሰዓት አብርቶ ሁለት ተራ ሞባይሎችን ቻርጅ ያደርጋል። ሰሌዳው በብርድ አገር ከቆላ የተሻለ ይሠራል፤ ሙቀት ኃይሉን ይቀንስበታልና። ፊቱ ወደ ደቡብ ትንሽ ይዘንብል፤ በእኛ አገር ቂብላችን ወደ ሰሜን ስለሆነ በተቃራኒው አቅጣጫ ማለት ነው። አቧራው ይጠረግ፤ በክረምት ደመና ሲበዛ አምፑል እንቀንስ።

ሆኖም ሶላር ሁሉን ያደርጋል ብለን አናታልላችሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚፈልግ በዚህች ሰሌዳ እንጀራ አይጋገርም። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የዋልያ መኖሪያም ነው። ደኑን ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ የማገዶ ቆረጣ እንጂ መብራት አይደለም። ስለዚህ ከሶላሩ ጎን ማገዶን በግማሽ ያህል የሚቆጥበውን ምርጥ የተባለውን የእንጀራ ምድጃ መያዝ ያስፈልጋል። ያረጀ የእርሳስ ባትሪም በማሳና በምንጭ አጠገብ አይጣል፤ መርዝ ነውና ለሚረከብ ነጋዴ ይመለስ። መሬቱ አማና ነው።

ስንገዛስ? በሰሜን ሸዋ ሬማ በተባለች የገጠር ከተማ በ2000ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን ብዙ ቤቶችን አብርቷል፤ ጎን ለጎንም የባለሙያ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ከፍቷል። ከዚህ የምንማረው ዕቃው ብቻ ሳይሆን የሚጠግነው ሰው ቅርብ መኖር እንዳለበት ነው። ስለሆነም የጽሑፍ ዋስትናና መለዋወጫ የሌለውን ርካሽ ዕቃ እንለፈው።

ገንዘቡ ከሌለ ጠቅላላ ዋጋው ተቆርጦ በየወሩ መክፈልን አብዛኞቹ ዑለማዎች ይፈቅዳሉ። ክፍያው ሲዘገይ ዕዳው የሚጨምር ከሆነ ግን ወለድ ነውና እንጠንቀቅ። ውሉን ሳናነብ ወይም ሳናስነብብ አንፈርም። ዘምዘም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ በአገራችን አለ፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት ስላላቸው መጠየቅ አይከፋም።

በመጨረሻም የቤት አባወራዎችን አንድ ነገር አደራ እንላለን። የመጀመሪያው አምፑል እንግዳ መቀበያው ላይ ሳይሆን ጓዳ ይሰቀል። ለሱብሒ ቀድማ የምትነሳው፣ ከዒሻእ በኋላም በጨለማ የምትደክመው እናት እዚያ ናትና። ሁለተኛው ልጆች በሚቀሩበት ቦታ ይሁን። አላህ (ሱ.ወ.) ኒዕማውን አውቀው ከሚያመሰግኑት ያድርገን።

ወሏሁ አዕለም። ወስሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።